ወራጅ

ታርቱ ውስጥ፣ መንገዱ በአተር በባቄላ በሚጠራበት፣
የላይኔ ቤት ቆሟል፣ እንጨት በእንጨት፣ መቶ ዓመት ያለፈበት።
ወለሉ ጎብጧል። የልጅ ብይ ብታስቀምጥ፣ ሳትነካት፣
ትንከባለላለች ወደ አንድ ጥግ፣ ሰው እንደጠራት።
«እርጅና ነው» ትል ነበር፣ «ቤትም እንደ ሰው ይጎብጣል፤
በሩ እምቢ ቢል በትከሻ ይዘጋል።»

ኤንዴል መጣ በጥር፣ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ፤
ጣውላውን በመሮ፣ ሚስማሩን በጉጠት፣ ወለሉን ገፈፈ።
አቧራ። የአይጥ ጎጆ። የጠፋ ማንኪያ።
ባትሪ አብርቶ በሆዱ ተኛ፤ ብዙ ቆየ፤
«ማነው ይህን የቆረጠው?» አለ።

የመታጠቢያው ቱቦ እንዲያልፍ፣ ከወገቡ፣ ልክ ከመሀል፣
ከሦስት ሁለት እጁ ከሥር ተቦርቡሯል፤ ሲሶው ብቻ ቀርቷል።
«መብሳት ያባት ነው፣ ከቁመቱ እኩሌታ፣ ጠባብ ቀዳዳ፤
ሆዱን ከሥር መቁረጥ ግን ለወለል የሞት ዕዳ።»

ስሙ ወራጅ ነው፤ ሥራው አለመውረድ።
አርባ ዓመት ግን፣ በፀጉር ስፋት፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣
ማንም አልሰማውም።

«ሰው መጋዝ ይመዛል፤ እኔ ባላ አስቀድማለሁ፤
ሳልቆርጥ በፊት፣ ሸክሙን ለማን እንደማስረክብ አውቃለሁ።
መብራቱን አጥፍቼ፣ የሽቦውን መንገድ አውቄ፣
ከዚያ ነው መጋዝ የማነሳው፣ መነጽሬን አጥልቄ።»

ከምድር ቤቱ ክሪክ አቆመ፣ ከሥሩም ከላዩም ወፍራም ጣውላ፤
በቀን ሩብ ዙር ብቻ። አንድ ቀን፣ ሌላ ቀን፣ ሌላ።
«ካጣደፉት ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም ልስኑን ይጥላል፤
በአርባ ዓመት የጎበጠ በአንድ ጧት እንዴት ይቃናል?»
ማታ ማታ እንጨቱ ሲንቋቋ ላይኔ ተኝታ ትሰማለች።
በዘጠነኛው ቀን፣ ውሃ ልኩ ላይ፣ አረፋዋ መሀል ቆመች።

ከዚያ አዲሱን አመጣ፣ ጥድ፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው፣
ሁለቱም ጫፉ በድንጋይ ላይ የሚያርፍ፣
ከአሮጌው ጎን በሙጫ፣ በቡሎን ሊያጣምደው።

ያኔ ነው ላይኔ ጎንበስ ያለች። ከቁርጡ አጠገብ፣ በእርሳስ፣
አንድ ሰባት ቁጥር፣ ወገቡን በሰረዝ የታጠቀ።
እጁ ነው። የባሏ። የኡርማስ።

ያን ክረምት፣ ሦስት ልጅ፣ አንድ ባልዲ፣ ገላ በኩሽና፤
«ቅዳሜ ሙቅ ውሃ ይኖርሻል» ብሎ፣ መጋዝ ተበድሮ መጣና።
ቃሉን ጠበቀ። ውሃው ቅዳሜ ወረደ፤ እሷም አለቀሰች፣
ከእግሯ ሥር የተቆረጠውን መች አየች።

«ሞኝ!» አለችው ለእርሳሱ፤ ድምጿ ግን ስድብ አልነበረም።
ኤንዴል ትራፓኖውን ይዞ ጠበቀ፤ አንድ ቃል አልጨመረም።
ቡሎኑ በሰባቱ ላይ ነበር የሚያልፈው፤
አንድ ጣት አራቀው።
ደግሞ ለካ። «ይይዛል» አለ። በሳው።

ጣውላው ተመለሰ። በሩ በጣት ተዘጋ፤ ትከሻዋ ሥራ ፈታ።
ብይዋን ላይኔ ራሷ መሀል ወለል ላይ አስቀመጠቻት።
አልሄደችም።
እሷ ግን ትንሽ ጠበቀች፣ ከልማድ፣
ወደ ጥጓ እንድትሄድላት።