መስታወት ገጣሚ

ገጣሚ ነኝ እኔ፣ መስታወት ገጣሚ፣
ብርሃን አስገቢ፣ ነፋስ ተቃዋሚ።
ሱቄ ጠባብ ናት፣ ከዓሣ ገበያው ጎን፣
ጣቴ በስለት አልቋል ከልጅነት እስካሁን።

አቶ ልየው ጠሩኝ፤ አራት ፎቅ ሠርተዋል፣
ፊቱ ወደ ጣና፣ ጀርባው አስፋልት ይዟል።
«ብረት አልፈልግም» አሉ «መከላከያ፤
ቤቱን የሠራሁት ለባሕር ማያ።
እስር ቤት ይመስል ለምን ላጥርበት?
ከወለል እስከ ጣሪያ ግጠም መስታወት።»

ደንቡ ግን ደረቅ ነው፤ ሐይቅም አያምረው፤
«መስኮቱ ከወገብ ዝቅ ብሎ ከጀመረ፣
ወይ አጥር ይኑረው፣ ወይ ራሱ አጥር ይሁን፤
ሰው ቢደገፍበት፣ ቢገፋው፣ ቢወድቅበት፣
ይሰንጠቅ እንጂ ሰው አያሳልፍ» ይላል።

ሳነበው ሳቅሁኝ። የሰው ትከሻ እንኳ ከድቶን ስንቱን ቀን፣
አሁን ከመስታወት እንጠብቅ ጽናትን?

ስምንት አዘዝን፤ እሳት የቀመሰ፣ ማህተም ያለው፣ ዋጋው የሚያም።
ከአዲስ አበባ በአይሱዙ መጣ፤
ዓባይ በረሃ ላይ የአንዱ ነፍስ ወጣ።
እሳት የቀመሰ ሲሰበር የዋህ ነው፣
እንደ ሽምብራ ቆሎ ዝርግፍ ነው የሚለው።
ተራው ነው ቢላዋ፣ ተራው ነው የሚያርድ፤
መልኩ ያው፣ ጥራቱ ያው፣ እስኪመጣ ፍርድ።

ሰባቱን ገጠምሁ። ለስምንተኛው
«ከሱቅህ የለም ወይ?» አሉኝ «ማን ሊያየው?»
ነበረኝ። ቆረጥሁት። ልኩ ልክ ነበረ፤
ሲሊከን ሳሰምር እጄም አላፈረ።

መሐንዲስ ይታይሽ መጣች በማለዳ፣
ወገብ ለካች፣ ቁመት፣ የበር የግድግዳ።
በገመድ ያንጠለጠለችውን የአሸዋ ከረጢት
አወዛውዛ ለቀቀች።
ድም!
መስታወቱ ውስጥ ሐይቁ ተርገፈገፈ፣ ረጋ።
ስንኝ ሲሰምር «ቤት መታ» ይባላል፤
የእሷ ከረጢትም ቤት መታ ያን ዕለት።
ከዚያ በጣቷ ጫፍ ጥግ ጥጉን ዳሰሰች፣
ማህተም በማህተም፣ እስከ ሰባት ድረስ።
ስምንተኛው ፊት ፍራሽ ተቆልሏል።
(የቆለሉት አቶ ልየው ናቸው። ያገዝኳቸው እኔ።)
በሆዴ ስሟን ጠራሁ፦ ይታይሽ፣ ይታይሽ፤
አፌ ግን የሸኛት «ደህና ዋይ» በማለት።

በሦስተኛው ቀን ለቀሪ ሒሳቤ
ደረጃውን ወጣሁ ቁጥር እያሰብሁ በልቤ።
የዘበኛው የአንማው ልጅ፣ ገና አራት ዓመቷ፣
ከስምንተኛው ላይ ተለጥፋለች፤
ግንባሯ፣ አፍንጫዋ፣ ሁለቱ መዳፏ።
ከታች ደንገል የጫነ ሰው ያልፋል፣
እሱ ታንኳ ይገፋል፣
እሷ መስታወት።

አልጮህሁም። የደነገጠ ልጅ ይደገፋል።
«ነይ እስቲ» አልኳት «ሜትሬን ያዢልኝ።»
መጣች።
መስታወቱ ላይ ወዟ ቀረ፣ ክብ፣ እንደ ማህተም፤
ለካሁት፦ ዘጠና ሁለት ሳንቲ ሜትር፣
ከወገቤ እኩል።

ያን ማታ ነቀልሁት። አቶ ልየው ጮኹ፤
ሒሳቤም በዚያው ቀረ።
አራት ፎቅ ደረጃ ደረቴ ላይ ታቅፌው ወረድሁ፤
በባዶው ክፍተት ሦስት ጣውላ አጋድሜ ቸነከርሁ፤
በጣውላው መሐል የሐይቁ ነፋስ እየገባ
የደንቡን ወረቀት ከወለሉ አነሣው።

ስልኩ ሁለቴ ጠራ።
«ሀሎ? ይታይሽ ነኝ።»
«መሐንዲስ» አልኋት፣
«እንዳይታይሽ ብዬ የገጠምሁት ነበር።»