ሰበቃ

ቂርያት ጋት፤ ሰማዩ አቧራ ነግሦበት፣
የክፍሉ ማቀዝቀዣ ጉሮሮው ታንቆበት፣
ሠላሳ አራት ልጆች፣ አንድ የቆመ ሰዓት፣
ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ የስንብት ወረቀት።

ከቤር ሼቫ መጥታ መምህር ልትመክር፣
ላሪሳ ከኋላ ይዛለች አንድ ወንበር፤
መነጽሯ ወርዶ እስካፍንጫዋ ጫፍ፣
የምትጽፈው አይታይ፣ እስክሪብቶዋ አያርፍ።

«ሥራ ማለት» አልኩኝ «ጉልበት ሲባዛ በርቀት፤
ቀኑን ሙሉ ብትገፉ ግድግዳ በብርታት፣
ግድግዳው ከቆመ፣ ሥራችሁ ዜሮ ነው።»
የማን ግድግዳ እንደሆን እኔ ነኝ የማውቀው።

ያኔ አቪታል ጫኔ፣ ጠይቃ የማታውቅ፣
እጇን እስከ ትከሻ አነሣች በመሳቀቅ፦
«እናቴ የቺፕ ፋብሪካ ወለል ነው ሥራዋ፤
ከበሩ ትነሣለች፣ በሩ ነው ማብቂያዋ።
መነሻና መድረሻው አንድ ቦታ ከሆነ፣
የሷስ ድካም፣ መምህርት፣ ዜሮ ሆኖ ባከነ?»

ክፍሉ ሳቀ።
ደወሉ ሊደወል አራት ደቂቃ ቀርቶታል፤
«ከርዕሱ አንውጣ» ልል አፌ ተከፍቷል።
የላሪሳ እስክሪብቶ ቆመ።

ምንም አልተናገረች። ወጥታ ከኮሪደሩ
መወልወያ አመጣች፣ ውሃው ሳይደርቅ ከክሩ፤
ከቁም ሳጥኑ ደግሞ፣ አቧራውን እፍ ብላ፣
ባለ ሞላውን ሚዛን፣ መንጠቆው የላላ።
ለልጅቷ ሰጠቻት፣ «ጎትቺ» በሚል ዓይን፤
ጠቋሚው ዐሥራ ሁለት ላይ ሲንቀጠቀጥ አየን።

ሰበቃ ነው የያዘው።
ሰበቃ ደርሶ መልስ አያውቅም፤
መንገዱን እንዳለ ይቆጥራል፣ ስንዝር አይዘልም።

«ኮሪደሩ ስንት ነው?» «ሦስት! ሁለቴ በቀን!»
ደወሉ ጮኸ፤ የወጣ የለም፤ ወረቀት አጣን፤
ቦርሳዬን ከፍቼ እጄ የነካውን ሰጠሁ፣
በጀርባው አሰሉበት። ምን እንደሆነ ኋላ አየሁ።

ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች ዓይኗ እየዞረበት፣
አቪታል ባማርኛ አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፀት፦
«ለካ ለዚህ ነው ማታ ማታ ጉልበቷን የሚያማት።»

ላሪሳ «ምን አለች?» አለችኝ።
ልተረጉም ብል ቃሉ ለሁለት ተሰነጠቀብኝ፤
በኛ ቋንቋ አንድ ነው፣
የሚገፋውና የሚታመመው።

ወረቀቱን ልጅቷ ለእናቷ ልታሳይ ወሰደችው።
የፊት ገጹን አንብባው ይሆን? እስከዛሬ አልጠየቀችኝም።
እኔም ሌላ አልጻፍኩም።