ጊዜው ያለፈ ፈቃድ

ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ነብራስካ፣ ከበቆሎው መሐል፣
የግዛቱ መርማሪ ቴልማን የባንኩን በር ያሽጋል።
ሦስት ቀን መዝገብ ሲገልጥ፣ ሣንቲም ሲቆጥር፣
ማንም ያላየው ከብት ዋስ ሆኖ አገኘ፣ ያልተሠራ ጎተራ ጭምር።

ማኅተሙን ኪሱ ከተተ፣ አገጩን ዳበሰ፣
መንገዱን ተሻግሮ ፀጉር ቤት ደረሰ።
ኮቫሪክ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረ።
«ጺም?»
«ጺም።» ሌላ ቃል አልተጨመረ።

የሠላሳ ዓመት ጥሪቱ ከመንገዱ ማዶ ታሽጓል፤
ምላጩን ግን እንደ ወትሮው በጠፍሩ ላይ ይስላል።

መርማሪው አንገቱን ሰጥቶ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ጣለ፤
በመስታወት የተከደነ የሙያ ፈቃድ አለ።
ቀኑን አነበበ፦ ከፋሲካ በፊት ጊዜው ያለፈበት፣
ከዝንብ በቀር ማንም ማኅተም ያላሳረፈበት።

ታዲያ ይህ ጉሮሮ በማን ፈቃድ ነው የሚያድረው?
በኮቫሪክ ፈቃድ፤ እሱም ካበቃ ወር አለፈው።

ብረቱ ወረደ፣ ወጣ። ደም አልታየም።

ሲነሣ ሒሳቡን ከፈለ፣ ጉርሻም ጨመረበት፤
«ያንን ወረቀት አሳድስ» አለው፣ ጣቱን እየቀሰረበት።
ኮቫሪክ ምላጩን ያጥባል። ቀና ሳይል፣
«የማሳደሻዬን ገንዘብ ያሸግኸው አንተ አይደል?»