የዕድሜ ልክ ዋስትና

ሳጥኑ ተመለሰ፣ በስድስት ሳምንቱ፤
አስፈርሞኝ ሄደ፣ ያ አመላላሽ ልጅ፣ ሳይወልቅ ጓንቱ፤
በሩን ይገፋዋል የዋዮሚንግ ነፋስ፣ እንደ ባለቤቱ።

ሜርል ደስ ብሎታል። ካርቶኑን በቢላ ዳር እስከ ዳር ከፍቶ፣
ስፖንጁን አንሥቶ፣ ዘይቱን አሽትቶ፣
«ሳንቲም አልጠየቁ! የመላኪያው ሳይቀር በነሱ ተሰልቶ፤
የዕድሜ ልክ ዋስትና እንዲህ ነው» ይለኛል፣ ወረቀቱን ሰጥቶ።

ወረቀቱ ይላል፦
መቺው መርፌ አልቆ ነበር፤ ተቀይሯል።
የቃታው ሞላ ላልቶ ነበር፤ ታድሷል።
ሃያ ጥይት ተተኩሶበት ተሞክሯል።
አንድም አልከሸፈ። ጉድለቱ ተወግዷል።

ጉድለቱ ተወግዷል።
ሜርል የሚያውቀው የቅዳሜውን ነው፣ የተኩስ ሜዳውን፣
ሦስቴ ከሽፎበት እየተራገመ መመለሱን።
እኔ ሐሙስን አውቃለሁ።

እሑድ ነበር መምጫው፣ ከነዳጅ ቁፋሮ፤
በረዶው በረታ፤ ሐሙስ ለቀቋቸው፣ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ታስሮ።
ስልኩ ሞቶበታል።
የጋራዣችን አምፖል ከተቃጠለ ወር አልፎታል፤
ነገ እቀይራለሁ፣ ነገ እቀይራለሁ ሲል ከርሟል።

ከሌሊቱ ስምንት። እጀታው ሲዞር
ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሜያለሁ፣ በሁለት እጄ ይዤው፣ በካልሲ።
ማነህ አላልኩም።
ለፓስተሩ አልነገርኩ፣ ለእህቴ አልነገርኩ፦
ማነህ አላልኩም።
ሳብኩት።

ጠቅ አለ። እንደ እስክሪብቶ።
ከዚያ ሳል መጣ፣ ሃያ ሦስት ዓመት አጠገቤ የተኛ ሳል፤
ቦት ጫማ ወለቀ፣ አንዱ፣ ቆይቶ ሌላው።
«አርሊን፣ ነቅተሻል?»

ሾርባ አሞቅሁለት። ማንኪያው ከሳህኑ ሲጋጭብኝ
«በርዶሻል» አለና የራሱን ሹራብ አውልቆ አለበሰኝ።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣
«እንዲህ ያለ ከሃዲ! በጭንቅሽ ሌሊት ቢከዳሽስ ኖሮ?»

ከሸፈ ይሉታል፣ ያልገደለ ሲሆን፤
ምን ይሉት ይሆን
የከሸፈው ነገር ባል ሆኖ ቁርሱን ሲበላ፣
እንቁላሉ ላይ ቁንዶ በርበሬ ሲያበዛ?

አሁን ይጠይቃል፦ እንያዘው? እንሽጠው?
ጎረቤታችን ሆይት አራት መቶ ዶላር ዛሬውኑ ሊሰጠው።
አሰብኩበት። ግን የሆይት የልጅ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣
በኩሽና መስኮት ነው ሌሊት የሚገባው፣ እንዳይሰማ ቤቱ።
ደግሞም የምንሸጠው ያን የሐሙሱን አይደለም፤
ያኛው ሞላው የላላ፣ መርፌው የደከመ ነበር።
ይኼኛው ጤነኛ ነው፤
ሃያ ጊዜ ቢጠሩት ሃያ ጊዜ አቤት ያለ።

የዕድሜ ልክ ዋስትና።
የማን ዕድሜ? በማንስ ልክ?
ዳኛም ሲፈርድ ይለዋል፤ ዕድሜ ልክ፣ ዕድሜ ልክ።

ለሸሪፉ ቢሮ ቢሰጡት በመጋዝ ይቆርጡታል አሉ።
ግን «ለምን?» ይለኛል ሜርል፣ «ገና ከፋብሪካ የመጣ ዕቃ!»
ለምን የምትለው ቃል ደግሞ
ያቺው ሐሙስ ናት።

የልብስ ቁልፍ የማጠራቅምበትን ቆርቆሮ ከስፌት መኪናው ሥር አወጣሁ።
ነጭ ቁልፍ፣ ጥቁር ቁልፍ፣ የሟች እናቱ ካፖርት ቁልፍ፤
ከሥራቸው አንዲት ጥይት። ቂጧ ላይ
የጥፍር ጫፍ የምታህል ስርጉድ።
ከወረቀቱ ጎን አስቀመጥኳት።

ሜርል መነጽሩን አደረገ። ወደ መስኮቱ አዞራት።
ነፋሱ በሩን ገፋ፣ ተወ፣ ገፋ።
በጣቶቹ ቀን ሲቆጥር አየሁት፣ ከቅዳሜ ወደ ኋላ፣
አንድ፣ ሁለት፣
ቀና ብሎ የጋራዡን በር እስኪያይ።