ከዜሮ በታች ሰማንያ

ጠዋት ነው ይባላል። ሰዓቱ ሦስት ሆኗል፤
ሐይቁ ላይ ጨለማው እንደተኛ አርፍዷል።
በታኅሣሥ ኩኦፒዮ ፀሐይ ባለዕዳ ናት፤
በመስኮት ብቅ ትልና ትሸሻለች ሳናያት።

ጓንቴን አጥልቄ የበረዶውን ሣጥን ከፈትሁ፤
ከዜሮ በታች ሰማንያ፤ ጭጋጉን በእጄ ገፋሁ።
መደርደሪያው ላይ፣ ጣት በማታክል ብልቃጥ፣
ሺህ ሰው ቆሟል በሰልፍ፣ ሳይናገር፣ ሳይቀመጥ።
ስም የላቸውም፤ ስም መጠየቅም አይቻልም፤
አራት አሃዝ፣ አንድ ቀን፣ የደበዘዘ ቀለም።

እኔ ኢርሜሊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ
ደም ሳቀልጥ ኖርሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው ሁሉ።

ዛሬ ከእጄ የገባው አራት መቶ ዐሥራ ሰባት፤
የተቀዳው ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በመጋቢት።

በዚያ መጋቢት ወንድሜ ታይስቶም ክንዱን ሰጥቷል፤
ከዘጠኝ ዓመቱ አንሥቶ ስኳር በደሙ ሰፍሯል።
"ለምርምር ነው" ብለው ቀዱና ለውለታው
ብስኩት ሰጡት፤
ስኳር ላለበት ሰው! እሱም ሳቀና በላው።
ሐኪሙ ክሬያቲኒኑን አይቶ "ኩላሊትህ ደህና ነው" አለ፤
ወንድሜም መረቡን ይዞ ወደ ሐይቁ ኮበለለ፤
በረዶውን በስቶ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ተንበርክኮ፣
እስኪመሽ ጠበቀ፣ ጆሮውን በባርኔጣ ጠቅልሎ።

አልዋሸም ሐኪሙ። ክሬያቲኒን ሰነፍ ዘበኛ ነው፤
ግማሹ ቤት ከነደደ በኋላ ነው "እሳት!" የሚለው።
ወንፊቱ ብዙ ነው በኩላሊት፤ አንዱ ሲቀደድ
ሌላው ተሸክሞ ያድራል፣
ጎረቤት የጎረቤቱን ገበና እንደሚሸፍነው ይሸፍናል።

እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፤ የብግነት ተቀባይ የሚሉት፣
ከሴሉ ደጃፍ ተቆርጦ በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ብናኝ ክታበት።
ለእናቴ ሳስረዳ ስሙን ትቼ
"ቀድሞ የሚያውቀው" አልኋት።
"ካወቀ ለምን አልነገረን?" አለች።
መልስ አጣሁላት።

ማሽኑ ሁለት ሰዓት አጉረመረመና ቁጥሩን ተፋው፤
ከፍ ያለ ነው። ከልክ በላይ። ደግሜ ሞከርሁ፤ ያው።

ደሙ ያውቅ ነበር።
ብስኩቱ ገና በአፉ ሳለ፣ መረቡ በትከሻው፣
ደሙ ተናግሮ ጨርሷል፤ የሚሰማ ጆሮ ነው ያጣው።

በማን አፍ? በማን ትከሻ?
አላውቅም። የስሙ መዝገብ ተቆልፏል፤
ቁልፉም ከሌላ ሰው ኪስ ነው፤ እንዲያ ተብሎ ተፈርሟል።
ባገኘው አላየውም። ምናልባት አየው ነበር።
እንጃ።
ስለዚህ ብልቃጥ ሁሉ ለእኔ ታይስቶ ነው፤
ሲወድቅ እንደሚሰበር ሰው ቀስ ብዬ ነው የማስቀምጠው።

"ልብና ኩላሊትን የሚመረምር አንድ እሱ ነው" ይሉ ነበር ቄሳችን፣
በልጅነቴ፣ እግሬ በቀዘቀዘበት በእንጨቱ ቤተ ክርስቲያን።
ልቡን ለእሱ ትቻለሁ። ኩላሊቱን ግን መርምሬያለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ዘግይቼ። ድፍረት ከሆነ፣ ይቅርታውን እለምናለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤
ይሄኛው ስንት ሌሊት አደረ?
እዚህ አገር ንጋቱም ያረፍዳል።

ከላይ ፎቅ አንዲት ልጅ አለች፤ ሄልካ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፤
ነገ ደሟን እንቀዳለን፣ ሳይበርድ እንመረምራለን በዕለቷ።
ቁጥሩ ከፍ ካለ መድኃኒት አለ፤ ሁሉን አያድንም፣ ግን አለ።
ብስኩት አንሰጣትም።

ማክሰኞ ነው። አመሻሽ ላይ ዲያሊሲስ ክፍል ገባሁ።
ደሙ በቱቦ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ሲመለስ አየሁ፤
ቀይ መስመር፣ እንደ መንገድ የሚዞር፣ የትም የማይደርስ።
ታይስቶ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ ብርድ ልብሱን ሲመልስ።

"ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?"
"በረዶ ሳቀልጥ" አልሁት።

ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ሐይቁ ጨልሟል፤ ቆየ።

"ዓሣ ነበረበት?" አለኝ።