የማትቸኩለው ድስት

ሉባባ ከሪያድ ስትመጣ፣ ሰው ሁሉ ወርቅ ጠበቀ፤
ከአባያዋ እጥፋት ውስጥ ግን፣ የመብራት ድስት ፈለቀ።
«ይቺ አትቸኩልም» አለችኝ፣ መዳፏን ክዳኗ ላይ ጭና፤
«የጠዋት አደራሽን ይዛ፣ ማታ ትጠብቅሻለች በጤና።
ሦስት ዓመት የሰው ቤት ስሮጥ፣ ያልሮጠች እሷ ብቻ ናት፤
እሷን ሳይ ነበር የማርፈው።»
እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኳት።

ረቡዕ። ከሌሊቱ አሥር ተኩል። በርበሬ ወንዝ ገና ጨለማ፤
የፋብሪካው ሰርቪስ ጥሩምባ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ሲሰማ፣
የፍየል አንገት ከነአጥንቱ፣ ሽንኩርት ለሁለት የተገመሰ፣
ሦስት ድንች ከነልጣጩ፣ ቲማቲም በእጄ የፈረሰ፣
በርበሬ ማንኪያ የማይሞላ፣ ኮረሪማ ሁለት ፍሬ፤
አላቁላላሁ፣ አላማሰልኩ፤ ውሃ ቸልሼ መብረሬ።
እናቴ ብታይ ታፍር ነበር፤ «ወጥ ነው ይኼ? ወይስ እጣቢ?»
እሷ ግን መቼ ነበረች፣ በካርድ ወጪ፣ በካርድ ገቢ?
ቁልፉን ዝቅተኛው ላይ አዞርኩት፤ ቀይ መብራቷ ዓይኗን ገለጠ፣
ልጄ ሙሂዲን በእንቅልፍ ልቡ፣ «ምን ሸተተኝ?» ብሎ ተገላበጠ።

እኔ የምሰፋው የግራ ኪስ ነው። የቀኙን የምትሰፋ ሌላ ናት፤
ሱሪው ሰው ላይ ሆኖ፣ ሲለበስ፣ አይቼ አላውቅም አንድ ዕለት።
ዛሬ ግን በየስፌቱ መሀል፣ ሐሳቤ ወደ ቤት ይሾልካል፤
አሁን ሽንኩርቱ ሟሟ እላለሁ፤ አሁን ሥጋው ካጥንት ይመክራል።
የሚሠራልኝ አንድ ነገር አለ፣ እኔ ለሰው ስሠራ እያለሁ፤
ይኼን ሳስብ፣ አለቃዬ እስክታየኝ፣ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ረፋድ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

መኪናዎቹ ባንዴ ዝም አሉ። ጄኔሬተሩ አጉረምርሞ ተነሣ፤
የኔዋ ድስት ግን ማን አላት? ማን ይድረስላት፣ ማን ያንሣ?
ይኼ ደሴ አይደል፣ ጉም አይደል፣ ሥጋ አያሳድር በብርዱ፤
እዚህ ወበቅ ነው፤ የግማሽ ብስል፣ ሳይመሽ ይፈላል ጉዱ።
የሳምንት የትርፍ ሰዓት ብሬ፣ እዚያች ድስት ውስጥ ነበረች፤
ኪሱን አጣምሜ ሰፋሁት። አለቃዬ «ፍቺው» አለች።

ከሰርቪስ ወርጄ ሩጫ። ባጃጅ እንኳ አልጠበቅኩም፤
በሬን ከፈትኩ። ጠረጴዛው ላይ፣ ድስቴን አላገኘኋትም።
ጓሮ ስዞር፣ ቁልፌን የማስቀምጥባት ጎረቤቴ፣ እትዬ ውድነሽ፣
በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ «መጣሽ?» አለችኝ። «ምን ያስሮጥሻል? ደከመሽ።»
የድስቴን ሆድ በልብስ መቀቀያው ብረት ድስት ውሃ ውስጥ አቁማ፣
ከሥር ከሰሉን በአመድ፣ እንደ በቅሎ ለጉማ።
«አብሽሪ፣ አልተበላሸም። መብራት ሲሄድ ነው ያወጣኋት፤
ሸክላ ነው ሆዷ፤ እንዳይነቃ፣ ውሃ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት።»

ረቡዕ ነው፤ እሷ ጾመኛ። ሥጋውም የኔ ነው፣ የእስላም፤
ሽታውን ቀኑን ሙሉ ተሸከመች እንጂ፣ ክዳኑን አንዴ አልከፈተችም።
«ታዲያ መብሰሉን በምን አወቅሽ?» «በጆሮዬ ነዋ» አለች፣ ስቃ፤
«ሲጮህ ጥሬ ነው። ሲያንሾካሽክ ደረሰ። ዝም ሲል በቃ።»

አንገቱ በማንኪያ ተፈታ። ሙሂዲን አጥንት እየመጠጠ፣
«ጨው ግን የለውም፣ እማ» አለ፣ ዓይኔ ላይ እያፈጠጠ።
እውነቱን ነው። በጠዋት ጥድፊያ፣ እጄ ጨውን ዘሎት አልፏል፤
ጠባቂዋም አልቀመሰችው፤ በጆሮ ጨው መቼ ይታወቃል?

ቤቴም ጨው የለ! ኧረ ምን ይባላል፣ ልበደር ሄድኩ ከዚያው ደጅ፤
እትዬ ውድነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳትቆጥር ሰጠችኝ በሙሉ እጅ።
«ዓርብ ደግሞ በደንብ ታጥባ፣ ባቄላ እንጣድባት» አለች፣ በሯን ልትዘጋ ስትል፤
«ያን ጊዜ በአፌ እቀምሳለሁ፤ ጆሮዬም ትንሽ ይገላገል።»

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ።
ባዶው የድስቷ መቀመጫ፣ ቀይ ዓይኑን ገልጦ ቀረ፤
ልክ እኛ በልተን ስንጨርስ፣ ሥራውን ሀ ብሎ ጀመረ።