ሰባተኛው መስመር

በኢሴዪን ከተማ፣ በሸማኔዎች ሠፈር፣
መጥረቢያዬን ይዤ ሠላሳ ዓመት ስኖር፣
ዓይን አወጣሁ ከግንድ፣ አፍንጫና ከንፈር፤
ጸጉርማ ቀላል ነው እል ነበር።
ጭረት ነው፣ ጭረት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ምን አለ?
(ሞኝ ሽማግሌ፣ ያላየውን ያቃለለ።)

አንድ ቀን ማለዳ ሞሬኒኬ መጣች፣
ከመንታ ልጆቿ አንዷን የቀበረች።
በእኛ ዘንድ ወግ ነው፤ መንታ ሲለያይ
የቀረው ብቻውን ፀሐይ እንዳያይ
የሄደው በእንጨት ተቀርጾ ይመጣል፣
ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ከገበታ ይቀርባል።

ቀረጽኩላት እኔም፣ አንድ ክንድ የማትሞላ።
ተቀበለች፣ አየች፣ አዞረች ወደ ኋላ፣
ጣቷን አናቱ ላይ አሳልፋ ቀስ ብላ፦
«ፊቱ የልጄ ነው። ራሱ ግን የሌላ።
እኔ ሰባት መስመር ነው የሠራሁላት፣
ስምንት አድርገህባት በምን ልለያት?»

ተቆጣሁ። «እንጨት ነው!» አልኳት፤ «ማን ይቆጥራል?»
የእናት ዝምታ ግን ከስድብ ይመራል።
የቀረችውን ልጅ ሰሌን ላይ አስቀምጣ፣
በጉልበቶቿ መሀል፣ ሚዶዋን አውጥታ
ጀመረች።
እኔም ቁጢጥ አልኩኝ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ።

የሚዶው ጫፍ ሲያልፍ ቆዳው ብልጭ ይላል፣
ከጨለማ ጫካ ቀጭን መንገድ ይወጣል።
ጣቶቿ ሦስት ዘለላ ይዘው ይነሣሉ፣
በየርምጃው ደግሞ ከፊት ይበደራሉ፣
የተበደሩትን እዚያው ይከፍላሉ፣
ከአንገት እስከ አናት ዳገት ይወጣሉ፣
እንደ ሙዳይ ክዳን ጫፍ ላይ ይገጥማሉ።

«ራስን» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣
«ሰው ገና ሳይወለድ፣ ከሰማዩ ሸክላ ሠሪ ደጅ ቆሞ
ራሱ ይመርጣታል፤
የመረጣትን ተሸክሞ ወደዚህ ይወርዳል።
ታዲያ የተመረጠን ማን እንደ ዋዛ ይነካል?
እኔ እጄን ሳልታጠብ ገብቼባት አላውቅም።
አንተስ?»

እጄን አየሁት። የእንጨት ብናኝ ለብሷል።

ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት… ስድስት ላይ ስትደርስ
እጇ ቀጥ አለ።
ሰባተኛው ከጆሮ ጀርባ ነው የሚነሣው።
«የእህቷ» አለች፣ «እዚህ ላይ ቀረ።
ግማሹን ስሠራ ግንባሯ ጋለብኝ፤
ቀሪውን ነገ እጨርሳለሁ አልኳት።»
ሌላ ቃል አልጨመረች።
የዚችኛዋን ግን ጨረሰች፤ ጫፉን በጥቁር ክር አሰረች።

ሌሊቱን በኩራዝ ያንን ራስ ፋቅኩት፣
የገዛ ኩራቴን አብሬ ላግኩት።
ስድስቱን ጎነጎንኩ ከአንገት እስከ አናት፣
ሰባተኛዋን ግን መንገድ ላይ ተውኳት።
ሰማያዊ ቀለም ጉንጉኑን ቀባሁት፤
ከቆመበት ወዲያ ያለውን እንጨት
እንዳለ ተውኩት።

ነጋ፣ መጣች፣ ዳሰሰች። ጣቷ ከጆሮው ጀርባ
ደርሶ ቆመ። ብዙ ቆመ።
ትንሿ ልጅ ደግሞ፣ ማንም ምንም ሳይላት፣
የራሷን ጆሮ ጀርባ ዳበሰች።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሄደው ያዩ ወጣት ጠራቢዎች
ይሣሣቃሉ፤ «ሽማግሌው እዚህ ጋ
እጁ ዝሎበት ነው።»
አዎ እላቸዋለሁ።
ዝሎብኝ ነው።